የተሰናበተ ሻምፒዮን ወደ እሽቅድድም ቢመለስ ያሸንፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፎርሙላ ዋን የሚከታተል ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ክርክር ውስጥ ይገባል። አንድ ትልቅ ሻምፒዮን ሄልሜቱን ይሰቅላል። ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት "ሊመለስ ነው" የሚል ዜና ይወጣል። ግማሹ ሰው በደስታ ይዘላል፤ ግማሹ ደግሞ "ስሙን ሊያበላሽ ነው" ይላል። እኔ የማይክል ሹማከር ደጋፊ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ። በ2010 የተመለሰ ጊዜ ከዘለሉት መካከል ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ መመለስ ያልጠየቅሁት፣ ያልተጠየቅሁት ነገር የለም። በብዛት የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ፣ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ይቻላል። ግን ብርቅ ነው።

በፎርሙላ ዋን ሙሉ የውድድር ዓመት ርቀው ከቆዩ በኋላ የዓለም ሻምፒዮንነቱን እንደገና የወሰዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኒኪ ላውዳ ሁለት ዓመት ከርሞ ተመለሰና በ1984 ሻምፒዮን ሆነ። አለን ፕሮስት 1992ን ሳይወዳደር አሳልፎ በ1993 አራተኛ ዋንጫውን አነሣ። ሁዋን ማኑዌል ፋንጂዮም አለ። በ1952 ሞንዛ ላይ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ዓመቱ አመለጠው፤ ከዚያ ከ1954 እስከ 1957 አራት ዓመት በተከታታይ ነገሠ።

ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ፋንጂዮን ያስቀረው ጉዳት ነው። ፕሮስትን ፌራሪ አባረረው እንጂ ራሱ አልተሰናበተም። በፈቃዱ "በቃኝ" ብሎ ወጥቶ፣ ሌላ ሥራ ጀምሮ፣ ከዚያ ተመልሶ ሻምፒዮን የሆነው ላውዳ ነው። ስለዚህ ስለ መመለስ የሚያወራ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ላውዳ ጋ ይደርሳል።

ላውዳ እንዴት ተሳካለት?

በ1979 ሞንትሪያል ላይ፣ የካናዳ ግራንድ ፕሪ ልምምድ ገና ሳያልቅ፣ ከመኪናው ወረደና ሄደ። ውድድሩን እንኳ አልጠበቀም። ክብ ለክብ መዞር እንደሰለቸው ተናገረና ላውዳ ኤር የተባለውን አየር መንገዱን ወደ ማቋቋሙ ዞረ። ያኔ የ30 ዓመት ሰው ነው። በ1975 እና በ1977 ሻምፒዮን ሆኗል። በ1976 ኑርበርግሪንግ ላይ በእሳት ተቃጥሎ በ42ኛው ቀን ሞንዛ ላይ የተወዳደረና አራተኛ የወጣ ሰው ነው። ለማንም የሚያሳየው ነገር አልቀረውም ነበር።

በ1981 ማክላረን እንግሊዝ አገር ዶኒንግተን ላይ መኪና ሰጥቶ ሞከረው። ሁለት ዓመት ያልነዳ ሰውነት ለዚያ ዘመን መኪና አልተዘጋጀም ነበር። ላውዳ ይህን ደብቆ አላለፈም። ከአደጋው በኋላ ያቆመው ቪሊ ዱንግል የተባለ ኦስትሪያዊ አሠልጣኝ ነበር፤ እንደገና ከእሱ ጋር ገብቶ ሰውነቱን ከመሠረቱ ሠራ። በ1982 ተመለሰ። በሦስተኛው ውድድሩ ሎንግ ቢች ላይ አሸነፈ። ሦስተኛው!

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን ያሳጥረዋል። "ተመለሰ፣ አሸነፈ፣ ሻምፒዮን ሆነ" ይላል። እንዲያ አልነበረም። 1983 አስቸጋሪ ዓመት ነበር። አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ በአጠቃላይ ውጤት አሥረኛ ሆኖ ጨረሰ። ሌሎቹ ቱርቦ ሞተር ይዘው ሲከንፉ ማክላረን አሮጌውን ሞተር ይዞ ይጎተት ነበር። ላውዳ የቱርቦው መኪና ቶሎ እንዲወጣ ቡድኑን ወጥሮ ያዘ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል መኪናው መጣ። ከጉድለቱ ጋር ነዳው፤ ችግሩን ነቅሰው አወጡለት።

በ1984 ያ ድካም ፍሬ አፈራ። በጆን ባርናርድ የተነደፈውና የታግ ፖርሽ ሞተር የያዘው ማክላረን ከ16 ውድድሮች 12ቱን ወሰደ። ላውዳ አምስት፣ የቡድን ጓደኛው ፕሮስት ሰባት። ልብ በሉ፤ ፕሮስት ይበልጥ ፈጣን ነበር። የእሑዱ መነሻ ቦታ ቅዳሜ በሚወሰንበት ማጣሪያ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከፊት የሚሆነው እሱ ነው። ላውዳ የአንድ ዙር ፍጥነት እንደማያዋጣው ገባው። ስለዚህ ቅዳሜን ለፕሮስት ለቀቀለትና እሑድ ላይ አተኮረ። በዚያ ዓመት ነዳጅ በ220 ሊትር ተወስኖ ነበር፤ መሐል ላይ መሙላትም አይፈቀድም። ነዳጁንና ጎማውን ቆጥቦ የሚነዳ ሰው መጨረሻ ላይ ይጠቀማል። ያ ሰው ላውዳ ነበር።

የመጨረሻው ውድድር ፖርቱጋል፣ ኤስቶሪል ነበር። ፕሮስት አሸነፈ። ላውዳ ከ11ኛ ቦታ ተነሥቶ ሁለተኛ ወጣ። ያ በቂ ነበር፤ 72 ለ71.5። በግማሽ ነጥብ! ግማሿ ነጥብ የመጣችው ከሞናኮ ነው። ሞናኮ ላይ ዝናብ በርትቶ ውድድሩ መሐል ላይ ስለተቋረጠ አሸናፊው ፕሮስት ያገኘው 9 ሳይሆን 4.5 ነጥብ ነበር። ውድድሩ ሙሉውን ሄዶ ፕሮስት ሁለተኛ ቢወጣ እንኳ 6 ነጥብ ያገኝና ዋንጫው የእሱ ይሆን ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

ሹማከር ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ሲመለስ ለምን አልሆነለትም?

ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሹማከር በ2006 መጨረሻ ሲሰናበት 91 ድል ነበረው። በ2009 ፊሊፔ ማሳ ሃንጋሪ ላይ ሲጎዳ ፌራሪ ጠራው። እሺ አለ። ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከሞተር ሳይክል ወድቆ አንገቱ ተጎድቶ ስለነበር ሳይችል ቀረ። ያን ጊዜ ግን ልቡ ተመልሷል። በ2010 በ41 ዓመቱ ሜርሴዲስን ተቀላቀለ። ሜርሴዲስ ያን ዓመት የ2009ኙን ሻምፒዮን ቡድን፣ ብራውንን፣ ገዝቶ የመጣ ቡድን ነው። አለቃው ሮስ ብራውን ነበር። በቤኔቶንም በፌራሪም ከሹማከር ጋር የነገሠ ሰው። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ውድድር ባሕሬን ነበር። የቡድን ጓደኛው ኒኮ ሮዝበርግ አምስተኛ፣ ሹማከር ስድስተኛ ወጡ። "ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው" አልን። ዓመቱ ሲያልቅ ሮዝበርግ 142 ነጥብ፣ ሹማከር 72። በ2011 ልዩነቱ ጠበበ፤ 89 ለ76። በ2012 እንደገና ሰፋ፤ 93 ለ49። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ፖዲየም ላይ ወጣ። ቫሌንሲያ፣ 2012፣ ሦስተኛ።

ለምን? እኔ ዋና የምላቸው ምክንያቶች አሉኝ።

የመጀመሪያው ልምምድ ነው። ሹማከር በፌራሪ ዘመኑ ከውድድር ውጪ ባሉት ቀናት ይኖር የነበረው ፊዮራኖ ነው፤ ፌራሪ በራሱ ግቢ ያለው የመሞከሪያ ሜዳ። ቀን ከሌት ይነዳል፤ መሐንዲሶቹ ያስተካክላሉ፤ እንደገና ይነዳል። ብሪጅስቶን ጎማውን የሚሠራው እሱን እያየ ነበር። ከ2009 ጀምሮ ግን በውድድር ዓመቱ መካከል መኪና መሞከር ተከለከለ። ሹማከር የተመለሰው ትልቁ መሣሪያው ከተወሰደ በኋላ ነው። ሌሎቹ ሲሙሌተር (መንዳትን በኮምፒውተር የሚያስመስል መሣሪያ) ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። እሱን ደግሞ ሲሙሌተር ያጥወለውለው እንደነበር በሰፊው ተነግሯል።

ሁለተኛው የውድድሩ ዓይነት መለወጥ ነው። በእሱ ዘመን መሐል ላይ ነዳጅ ይሞላል። መኪናው ቀላል ነው። ከመቆሚያ እስከ መቆሚያ ያለውን መንገድ እያንዳንዱን ዙር እንደ ማጣሪያ ዙር አድርጎ መንዳት ይቻላል። በዚህ እሱን የሚስተካከል አልነበረም። በ2010 ነዳጅ መሙላት ተከለከለ። መኪናው ሙሉውን ነዳጅ ተሸክሞ ይነሣል። በ2011 ደግሞ ፒሬሊ መጣ፤ ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ ሆኖ የተሠራ። አሁን የሚያሸንፈው ጎማውን አባብሎ የሚነዳው ነው። ሹማከር በዚህ ጎማ ደስተኛ እንዳልነበረ በአደባባይ ተናግሯል።

ሦስተኛው መኪናው ነው። እሱ የሚወደው አፍንጫዋ መሪውን ገና ሲነካው ወደ ኩርባው የምትገባ መኪና ነው። በ2010 የፊት ጎማው ጠበበ፤ የዚያ ዓመት ሜርሴዲስም ኩርባ ላይ ከፊት ትከብድ ነበር። ደግሞም በዚያ ዓመት የትኛውም ሜርሴዲስ አላሸነፈም። ሮዝበርግም ቢሆን።

ዕድሜውስ? አለበት። ግን የመጀመሪያው ምክንያት አድርጌ አላስቀምጠውም።

ታዲያ የሹማከር መመለስ ውድቀት ነበር?

ራሱ ባስቀመጠው መለኪያ፣ አዎ። የመጣው ሻምፒዮን ለመሆን ነው። አልሆነም። ይህን መካድ እሱንም አያከብረውም።

ግን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሰዎች የሚያነሡት ሃንጋሪን ነው። በ2010 የቀድሞ የፌራሪ ጓደኛውን ሩበንስ ባሪቼሎን ወደ ግድግዳው ገፋው፤ በሚቀጥለው ውድድር 10 ቦታ ወደ ኋላ ተቀጣ። ያ አሳፋሪ ነበር፤ ደጋፊው ነኝና ደፍሬ እለዋለሁ። የማያነሡትን ደግሞ እኔ ላንሣ። በ2011 ስፓ ላይ በማጣሪያው ጎማው ተፈትቶ ወጣና ከመጨረሻው ከ24ኛ ቦታ ተነሣ። አምስተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ካናዳ ላይ በዝናብ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ሲነዳ ቆይቶ አራተኛ ጨረሰ።

2012 ደግሞ የዕድል ጉዳይ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች አምስቱን አልጨረሰም። ቻይና ላይ ከሮዝበርግ አጠገብ ከፊት መስመር ተነሥቶ ነበር፤ ጎማው በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ ወጣ፤ ሮዝበርግ አሸነፈ። ሞናኮ ላይ በ43 ዓመቱ በማጣሪያው ከሁሉም ፈጥኖ አንደኛ ሆነ። ግን ከስፔን የመጣ የአምስት ቦታ ቅጣት ነበረበት፤ ስድስተኛ ሆኖ ተነሣ። ስፔን ላይ ብሩኖ ሴናን ከኋላ የገጨው ራሱ ነው፤ ቅጣቱን በማንም አላላክክም። ሞናኮ ውስጥ፣ ግድግዳው ክንድ ላይ በሚነካበት ከተማ፣ ከዓለም ፈጣኑ ሰው መሆን ግን የደከመ ሰው ሥራ አይደለም።

ዋናው ችግር ዕድሜ አይደለም እንዴ?

ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሆንም። ፋንጂዮ የመጨረሻ ዋንጫውን በ1957 ሲወስድ 46 ዓመቱ ነበር። ያ ሌላ ዘመን ነው ካላችሁ ኒጄል ማንሰል በ1994 መጨረሻ አደሌይድ ላይ ሲያሸንፍ 41 ዓመቱ ነበር። ፌርናንዶ አሎንሶ በ2023 ስምንት ጊዜ ፖዲየም ላይ ሲወጣና በአጠቃላይ አራተኛ ሲሆን የዚሁ ዕድሜ ሰው ነው።

ሰውነቱ ግን ሥራ ይፈልጋል። ዛሬ በኃይለኛ ኩርባና ፍሬን ላይ አሽከርካሪው የሚሸከመው ጫና ከመሬት ስበት አምስት እጥፍ ድረስ ይደርሳል። ጭንቅላትና ሄልሜት አምስት ጊዜ ሲከብዱ አስቡት። ያን የሚይዘው አንገት ነው። የአንገት ጡንቻ ደግሞ በጂም ብቻ አይሠራም፤ በመንዳት ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው የተመለሱት ሁሉ መጀመሪያ የሚያማርሩት አንገታቸውን የሆነው።

ዕድሜ በግልጽ የሚታየው በአንድ ዙር ፍጥነት ላይ ይመስለኛል። ላውዳ ከፕሮስት፣ ሹማከር ከሮዝበርግ ጋር ሲተያዩ ቅዳሜ ላይ ተበልጠዋል። እሑድ ላይ ግን ልምድ ይክሳል። ላውዳ የካሰው በዚህ ነው።

ከሩጫ ጋር ይመሳሰላል? ኃይሌም እኮ ተመልሷል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ "በቃኝ" ብሎ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሯል፤ እውነት ነው። ደራርቱ ቱሉም ሁለት ጊዜ እናት ከሆነች በኋላ በ2009 የኒው ዮርክን ማራቶን አሸንፋለች። ግን ንጽጽሩ ብዙ አይሄድም። ሯጩ ሞተሩ ራሱ ነው። ደራርቱ ያን ቀን የማንም ፋብሪካ አላስፈለጋትም። አሽከርካሪ ግን የቱንም ያህል ቢዘጋጅ የቀረበለትን መኪና ነው የሚነዳው።

ስለዚህ ሁሉ ነገር መኪናው ነው?

ግማሹ። ፕሮስትን እዩት። በ1993 የተመለሰው የዘመኑ ምርጥ መኪና ወደነበረው ዊሊያምስ ነው። ራሱን የሚያስተካክል ሰስፔንሽን (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) የነበረው መኪና ነው። ሰባት ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አለን ጆንስ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። የ1980 ሻምፒዮን ነው። በ1981 መጨረሻ ተሰናብቶ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በ1983 ከፈረስ ወድቆ ከተሰበረው እግሩ በቅጡ ሳያገግም ሎንግ ቢች ላይ አንድ ውድድር ሞከረ፤ አልጨረሰም። በ1985 ከአንድ አዲስ ቡድን ጋር እንደገና መጣ። በ1986 በዓመቱ ያገኘው 4 ነጥብ ብቻ ነው። ጆንስ መንዳት አልረሳም። መኪናው አልነበረም።

የቀረው ግማሽ ግን ሰውየው ሲመለስ ከቡድኑ ጋር እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ላውዳ ቱርቦው ቶሎ እንዲመጣ ገፋ። መኪናው ተሠርቶ እስኪቀርብለት አልጠበቀም።

ማንሰል በ1995 ማክላረን ሲገባ ደግሞ መኪናው ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ጠበበው። ሰፋ ያለ እስኪሠራለት ሁለት ውድድር አለፈው። ከዚያ ሁለት ተወዳድሮ ተወው። ይህ የሆነው አደሌይድ ላይ ካሸነፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሰውየው ያው ማንሰል ነው።

በዕረፍቱ ጊዜ ምን ቢሠራ ይሻላል?

ይንዳ። ምንም ይሁን፣ ይንዳ።

ኪሚ ራይኮነን የ2007 ሻምፒዮን ነው። በ2009 መጨረሻ ፌራሪን ለቀቀና ሁለት ዓመት ራሊ ነዳ። በጭቃ፣ በበረዶ፣ በጠጠር። በ2012 ከሎተስ ጋር ተመለሰ። በዚያው ዓመት አቡ ዳቢ ላይ አሸነፈ፤ በአጠቃላይም ሦስተኛ ሆነ። በገልፍ ያላችሁ አንባቢዎች የያስ ማሪናን መንገድ ሳታውቁት አትቀሩም፤ ያ ምሽት እዚያ ነው የሆነው። ራይኮነን ከዚያ በኋላ እስከ 2021 ቆየ።

አሎንሶም እንዲሁ። በ2018 መጨረሻ ከማክላረን ወጣ። ግን ቤቱ አልተቀመጠም። በ2018 ገና ሳይወጣ ከቶዮታ ጋር ያሸነፈውን፣ ለ ማን የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር በ2019 ደገመው። ኢንዲያናፖሊስን ሞከረ። በ2020 መጀመሪያ ዳካር ራሊ ሄደ፤ ሳውዲ ዐረቢያ በረሃ ውስጥ። ሊመለስ ሲል ደግሞ ያገኘውን ዕድል ሁሉ ተጠቀመ። በ2020 ታኅሣሥ አቡ ዳቢ ላይ ለወጣት አሽከርካሪዎች በተዘጋጀው የሙከራ ቀን፣ በ39 ዓመቱ፣ ከሬኖ ጋር ገብቶ ነዳ። የቀኑን ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበው እሱ ነው። በ2021 ከአልፒን ጋር ተመለሰና ኳታር ሉሳይል ላይ ሦስተኛ ወጣ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ፖዲየሙ ነበር።

ሹማከርም ቁጭ አላለም። ሞተር ሳይክል ይነዳ ነበር፤ ካርት ይነዳ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በከፍተኛ ደረጃ የመኪና ውድድር ውስጥ አልነበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስንት ዓመት ሲርቅ ነው የሚዘገየው?

ደንብ የለውም። ግን ከላይ ያየናቸውን ቁጠሩ። ፕሮስት አንድ ዓመት። ላውዳ፣ ራይኮነን፣ አሎንሶ ሁለት ሁለት። ሹማከር ሦስት። ጆንስ፣ ያችን አንዲት ውድድር ካልቆጠርናት፣ ወደ አራት የሚጠጋ። የሚያስፈራው ዓመቱ ራሱ ሳይሆን በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚለወጠው ደንብ ነው። አሽከርካሪው ጎማውን፣ ነዳጁን፣ ክንፉን በእጁና በመቀመጫው ነው የሚያውቀው። ያ እውቀት ባልነበረበት ጊዜ ሲለወጥ እንደ አዲስ ይማራል። ከእሱ ጋር የሚወዳደሩት ግን ለውጡን በየደረጃው ኖረውበታል።

ቡድኖችስ ለምን ይወስዷቸዋል?

ስም ገንዘብ ያመጣል። ስፖንሰር ይመጣል፤ ትኬት ይሸጣል። ይህ አይደበቅም። ነገር ግን ልምዱም እውነተኛ ዋጋ አለው። አዲስ ቡድን ሲቋቋም መኪናው ምን እንደጎደለው በግልጽ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ከፎርሙላ ዋን ውጪስ?

በራሊ የበለጠ ይሳካል። ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ከ2012 በኋላ ሙሉ ዓመት መወዳደር አቆመ። በ2018 ካታሎኒያ ላይ ተመልሶ አሸነፈ። በ2022 በ47 ዓመቱ ሞንቴ ካርሎን ከፎርድ ጋር አሸነፈ። በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ከእሱ በላይ በዕድሜ ገፍቶ ያሸነፈ የለም። ራሊ ውስጥ መንገድ የማንበብ ልምድ ብዙ ነገር ይክሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በሞተር ሳይክል ነው። ማይክ ሄይልውድ "አይል ኦቭ ማን" በምትባለው ደሴት ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደረው በ1967 ነበር። 11 ዓመት አለፈ። በ1978 ዱካቲ ይዞ ተመለሰና አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሱዙኪ ደገመው። በድንጋይ አጥሮች መሐል በሚያልፈው በዚያ መንገድ ላይ! ቢሳሳት የሚያድነው ነገር የለም።

አንድ ሻምፒዮን ሲመለስ እንደሚሳካለት በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያውን ውድድር ውጤት አትዩ። ከቡድን ጓደኛው ጋር ያለውን ልዩነት እዩ፤ መኪናው አንድ ነውና። ደግሞ ልዩነቱ እየጠበበ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አሎንሶ በ2021 መጀመሪያ ላይ ከኢስቴባን ኦኮን ሲያንስ ብዙዎች ፈርደውበት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አሎንሶ በነጥብ በለጠው። አምስት ስድስት ውድድር ታገሡ። ከዚያ በኋላም ክፍተቱ ያው ከሆነ፣ ነገሩ ከባድ ነው።

ሴባስቲያን ቬተልና ኒኮ ሮዝበርግስ ይመለሳሉ?

ሮዝበርግ በ2016 ሻምፒዮን በሆነ በአምስተኛው ቀን ተሰናበተ። ደግሞም ዞር ብሎ አላየም። ቬተል አራት ዋንጫ ይዞ በ2022 ወጣ። ከሦስት ዓመት በላይ አልፎታል፤ በዚያ ላይ ለ2026 ሞተሩም መኪናውም በአዲስ ደንብ ተለውጧል። እኔ ብሆን አልመክረውም። ቢመጣ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ቀድሜ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የተመለሱት ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰናበቱስ?

ላውዳ በ1985 ነሐሴ፣ በገዛ አገሩ በኦስትሪያ፣ ዓመቱ ሲያልቅ እንደሚያቆም ተናገረ። በሚቀጥለው እሑድ ሆላንድ ዛንድፎርት ላይ ተነሣ። ፕሮስት ጀርባው ላይ ተለጥፎ እስከ መጨረሻው ተከተለው። አላለፈውም። የላውዳ የመጨረሻ ድል ያ ነው።

ሹማከር በ2012 ኅዳር ብራዚል፣ ኢንተርላጎስ ላይ ተሰናበተ። በ2006ም የተሰናበተው እዚያው ነበር። ያኔ ጎማው ፈንድቶ መጨረሻ ከደረሰ በኋላ ተነሥቶ አራተኛ ወጥቷል። በ2012 ደግሞ በዝናቡ ውስጥ ሰባተኛ ሆነ። ከመጨረሻዎቹ ዙሮች በአንዱ ወጣቱ ቬተል ከኋላው መጣ፤ ሦስተኛ ዋንጫውን ለመውሰድ ነጥብ የሚለቅም ቬተል። ሹማከር መንገዱን ለቀቀለት።